በሁለት ሚያዝያ 27 መካከል

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ የጅቡቲው ባቡር ንጉሠ ነገሥቱን ይዞ ወደ ምሥራቅ ወረደ። ለሕዝቡ ነጋሪት አልተጎሰመለትም፤ ቤተ መንግሥቱ ባዶ መሆኑን አብዛኛው ነዋሪ የሰማው ከነጋ በኋላ ነው። ከወር በፊት፣ መጋቢት 22 ቀን፣ ማይጨው ላይ የክብር ዘበኛው ሳይቀር ረግፏል። ከጣሊያን አውሮፕላን የተረጨው የመርዝ ጋዝ ያቃጠለው ወታደር ቁስሉን በነጠላ ጠቅልሎ እየተጎተተ ወደየአገሩ ተበትኗል። ጃንሆይም ከሽንፈቱ መልስ ላሊበላ ጎራ ብለው ጸልየው፣ ዋና ከተማቸው ከገቡ ሁለት ቀን እንኳ በቅጡ ሳያድሩ ነበር የወጡት።

መውጣታቸው መኳንንቱን ከፍሏል። አብዛኛዎቹ ጄኔቫ ሄደው ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ይበሉ የሚል ሐሳብ ያዙ። ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያትን የመሰሉት ደግሞ የኢትዮጵያ ንጉሥ ጦር ሜዳ ይወድቃል እንጂ ባሕር አይሻገርም ብለው በፊት ለፊት ተቃወሙ። ይህ ክርክር እስከ ዛሬም አልበረደም። ጠላ ቤት ውስጥ ሽማግሌዎች ሲጨቃጨቁበት ሰምቼ አውቃለሁ፤ ሁለቱም ወገን የሚጠቅሰው ማስረጃ ያው አንድ ነው፦ ንጉሡ ተመልሰው መምጣታቸው። አንዱ «ባይሄዱ ኖሮ ማን ይመልሰን ነበር?» ይላል፤ ሌላው «የተመለሱት እኮ አርበኛው ስለጠበቃቸው ነው» ብሎ ይመልሳል።

ባቡሩ በሄደ በሦስቱ ቀን ውስጥ አዲስ አበባ እርስ በርሷ ተዘራረፈች። ሱቅ ተሰበረ፣ ግምጃ ቤት ተከፈተ፣ ጥይት እንደ ቆሎ ተበተነ፣ የውጭ አገር ሰዎች እንግሊዝ ለጋሲዮን ግቢ ውስጥ ተጠለሉ። ማክሰኞ ሚያዝያ 27 ቀን ከሰዓት በኋላ የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ያመጣውን፣ ከ1,000 በላይ መኪና የተከተለውን ሠራዊት አስከትሎ ገባ። በአራተኛው ቀን፣ ግንቦት 1፣ ሙሶሊኒ ሮማ ላይ ከሰገነት ወጥቶ ኢትዮጵያ የጣሊያን ግዛት፣ ንጉሣቸውም የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መሆናቸውን አወጀ። ፋሺስቶቹ ከዚያ ወዲህ ግንቦት 1ን የግዛታቸው ቀን ብለው ሲያከብሩት ኖሩ። በእኛ አገር ላይ የሌላ ሕዝብ በዓል ተተክሎ ነበር ማለት ነው።

ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ቆመው በአማርኛ ተናገሩ። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያደናቅፏቸው ሞከሩ፤ ማኅበሩም አዳመጠ፣ አልረዳም። ከዚያ ወዲያ ኑሯቸው እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ሆነ።

አገር ቤት ግን ነገሩ ገና መጀመሩ ነበር። የጣሊያን ባንዲራ የተሰቀለው ከተማና አውራ ጎዳና ላይ ነው፤ ከመንገዱ ጥቂት ወጣ ሲባል የሰላቶ ትእዛዝ አይሠራም። ክረምቱ ሳይወጣ የሸዋ አርበኞች አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው ለማጥቃት ሞከሩ። አልተሳካም፤ ጎርፍና የመገናኛ እጦት እርስ በርስ አላገጣጠማቸውም። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ ለጠላት እንዳይገዛ ሕዝቡን አውግዘዋል ተብለው በአደባባይ ተረሸኑ። ሐውልታቸው የቆመው ከፒያሳ ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ ነው።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ በሆነው ቤተ መንግሥት ውስጥ ግራዚያኒ፣ የጣሊያን አልጋ ወራሽ ልጅ ተወለደላቸው ብሎ፣ ለድሆች ምጽዋት የሚሰጥበት ቀን ነበር። እሱ ቆስሎ ተረፈ። ከተማዋ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ታረደች። ጥቁር ሸሚዝ ለባሹ በአካፋ፣ በዶማ፣ በእሳት ሰው ጨረሰ፤ ጎጆው ከነቤተሰቡ ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት ኋላ የሟቹን ቁጥር 30,000 ብሎ አቅርቧል። ግንቦት ውስጥ ተራው የደብረ ሊባኖስ ገዳም ሆነ፤ በመቶ የሚቆጠሩ መነኮሳት፣ ዲያቆናትና ምእመናን በመትረየስ አለቁ።

ግራዚያኒ ይህን ሁሉ ያደረገው ሕዝቡን አስፈራርቶ ለማስገበር ነበር። ውጤቱ ተቃራኒ ሆነ። እስከዚያች ቀን እየተጠባበቀ የነበረው ገበሬም ተማሪም ካህንም «ዱር ቤቴ» ብሎ ወጣ። ሸዋ ላይ ራስ አበበ አረጋይ፣ ጎጃም ላይ በላይ ዘለቀ፣ ወሊሶና ከዚያ ወዲያ ባለው ደቡብ ምዕራብ ገረሱ ዱኪ የሰላቶን መንገድ ዘጉ። ጃገማ ኬሎ ጫካ ሲገባ 15 ዓመቱ ነበር። ከበደች ሥዩም ባሏ ደጃዝማች አበራ ካሣ ከተገደለ በኋላ ጦሩን ራሷ መራች። መሣሪያው ምንሽር፣ ውጅግራ፣ አልቢን ነው፤ አንዳንዱ ከአድዋ ጀምሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ። ጥይቱን የሚያቀብለው ደግሞ ራሱ ጠላት ነው፤ ሲማረክ ወይም ሲሰረቅ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የውስጥ አርበኛ የሚባለውን በየበዓሉ እያነሣን ቶሎ ስለምናልፈው። ሸዋረገድ ገድሌ የሀብታም ልጅ ነበረች። ንብረቷን እየሸጠች ለአርበኛው ጥይት፣ ልብስና መድኃኒት ትልክ ነበር። ተያዘች፤ ተደበደበች፤ ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ጋር ባሕር ተሻግራ አዚናራ ደሴት ታሰረች። ከእስር ስትመለስ ቤቷ አልተቀመጠችም፤ ወደ አርበኛው ሄደች። እንደ እሷ ያሉ ሴቶች ስንት ነበሩ? በእንስራ ጥይት ተሸክማ ውኃ የቀዳች የምትመስል፣ ዳቦ ውስጥ ደብዳቤ የምትጋግር፣ ሰላቶ ቤት አልጋ እያነጠፈች ወሬ የምትለቅም ሴት ስሟ መዝገብ ላይ አይገኝም። ሜዳልያ የሚሰጠው ምስክር ሲቆጠር ነው፤ የውስጥ አርበኛ ሥራ ደግሞ ምስክር እንዳይኖረው ሆኖ የተሠራ ነው።

ስለ በላይ ዘለቀ የሚነገር አንድ ወግ አለ። ጭፍሮቹን ራስ፣ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ እያለ ሲሾም፣ አንተስ ምን ትባል ተብሎ ቢጠየቅ፣ እናቴ በላይ ብላኛለች፣ ከበላይ በላይ ምን ሹመት አለ አለ ይባላል። እውነቱም ይሁን ወጉ፣ ሰውዬውን ልክክ አድርጎ ያሳያል። ይህን ልብ ይበሉ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሰኔ 1932 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሂትለር ጎን ተሰልፎ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀ። ለዓመታት ጆሮዋን የደፈነችው ለንደን በአንድ ጀምበር ኢትዮጵያን አስታወሰች። ንጉሠ ነገሥቱ ካርቱም ገቡ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ድንበር ተሻግረው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። አብሯቸው የነበረው እንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት የሚመራው አነስተኛ ጦር ነው፤ ግመሉ ከሰው የሚበዛ። ጉዞው በበለያ ተራራ አድርጎ ወደ ጎጃም ወጣ፤ ጎጃም ደግሞ አርበኛው ቀድሞ አዳክሞ ያቆየው አገር ነው።

በሌላ አቅጣጫ፣ ከኬንያ የተነሣው የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር መቋዲሾን፣ ጅጅጋን፣ ሐረርን እየያዘ እንደ ጎርፍ ገሰገሰ። እሑድ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የጣሊያን ባለ ሥልጣኖች ያለ ውጊያ ከተማዋን አስረከቡ፤ አርበኛው ገብቶ የአምስት ዓመት ቂሙን ይወጣብናል ብለው ስለፈሩ የእንግሊዝን መምጣት እንደ ጥበቃ ነው ያዩት። የገባው ወታደር ደቡብ አፍሪካዊ፣ ምሥራቅ አፍሪካዊ፣ እንግሊዛዊ ነው።

በዚያችው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ የት ነበሩ? ደብረ ማርቆስ። እሳቸውም የገቡት ያን ዕለት ነው። ከዚያ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የከተማዋ አዲስ ጌቶች ግን ቆዩ አሏቸው። ምክንያቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የጣሊያን ሲቪል ከተማ ውስጥ መኖሩ ነው፤ ንጉሡ ከገቡ ሕዝቡ ይነሣል፣ ደም ይፈሳል ተባለ። ከእንግሊዞቹ ውስጥ ኢትዮጵያን በራሳቸው አስተዳደር ሥር ማቆየት የሚሹም ስለነበሩ ምክንያቱን ሙሉ በሙሉ ለመቀበል ያስቸግራል። ሳምንት አለፈ። ሆሣዕና አለፈ። ፋሲካ የዚያን ዓመት ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ፤ ጾሙ ተፈታ፣ ንጉሡ ግን አሁንም ደብረ ማርቆስ ናቸው። በገዛ አገራቸው፣ ወደ ገዛ ከተማቸው ለመግባት ፈቃድ ይጠብቃሉ።

በመጨረሻ ተነሡ። ዓባይን ተሻግረው በሰላሌ በኩል መጥተው እንጦጦ ላይ ደረሱ። ሰኞ ሚያዝያ 27 ቀን ከእንጦጦ ወደ ከተማዋ ወረዱ። ባዶሊዮ ከገባ ልክ አምስት ዓመት፤ ቀኑ እንዲሁ የገጠመ አይመስልም። ዊንጌት በነጭ ፈረስ ከፊት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በክፍት መኪና ከኋላ። ግራና ቀኝ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ተሰልፈዋል፤ ጠጉራቸው እስከ ትከሻ ወርዷል፣ ጥይት በደረታቸው ተጠላልፏል፣ እግራቸው ባዶ ነው። ሕዝቡ እልል ይላል፣ ያለቅሳል፣ መሬት ይስማል። ንጉሡም በምኒልክ ግቢ ባደረጉት ንግግር ሕዝቡ ክፋትን በክፋት እንዳይመልስ አደራ አሉ። ያ አደራ ተጠበቀ፤ የካቲት 12ን ያየች ከተማ ላይ የበቀል እርድ አልተካሄደም። እኔ ከሰልፉም ከመድፉም ይልቅ የዚያን ቀን ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል።

ይሁንና ሚያዝያ 27 ጦርነቱ አላለቀም ነበር። አምባላጌ የተያዘው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ጎንደር ላይ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ነፃነቱም ቢሆን ጎደሎ ነበር፤ እንግሊዝ አገሪቱን ከጠላት እንደተያዘ ግዛት ልታስተዳድር ሞከረች። ጥር 1934 ዓ.ም. የተፈረመው ውል የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ቢያውቅም የእንግሊዝ አማካሪና ወታደር አልወጣም። ገበያው ላይ የሚዘዋወረው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነበር፤ የራሳችን ብር የወጣው በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ነው። የኦጋዴን ጉዳይ ደግሞ እስከ 1947 ዓ.ም. ተጎትቷል። እንግዲህ «ነፃ የወጣንበት ቀን» ብለን አንድ ቀን ስንጠራ አሥር ዓመት ከምናምን አጥፈን ነው።

በእነዚያ ዓመታት ሹመቱ ሲከፋፈል አርበኛ፣ ስደተኛና ባንዳ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተገናኙ። ከእንግሊዝና ከኢየሩሳሌም የተመለሰው ማንበብና መጻፍ ያውቃል፤ ለጣሊያን ያደረው የቢሮውን ሥራ ያውቃል፤ ከጫካ የወጣው የሚያውቀው ተኩስ ነው። ወንበሩ ለማን እንደደረሰ መገመት አያዳግትም። በላይ ዘለቀ ደጃዝማች ተብሎ ቢቸና ላይ ተሾመ፤ ቅሬታው ወደ ሽፍትነት አደረሰው፤ ተይዞ ተፈረደበት። በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። አምስት ዓመት ሰላቶ ያልያዘውን ሰው የራሱ መንግሥት ሰቀለው። የፍርዱን ወረቀት አንብበው ወንጀለኛ ነበር የሚሉ አሉ፤ ሊሆን ይችላል። ጎጃም ግን እስከ ዛሬ አልተቀበለውም፤ እኔም ብሆን ምሕረት የተደረገለት ባንዳ ባለበት አገር አርበኛ መሰቀሉ ፍርድ ነው ለማለት አፌ አይደፍርም።

በዓሉ በንጉሡ ዘመን የነፃነት በዓል ተባለ። አራት ኪሎ ላይ የድሉ ሐውልት ቆመ፣ ቦታውም ሚያዝያ 27 አደባባይ ተብሎ ተሰየመ። ወደ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል በእግር ሲወጡ ስድስት ኪሎ ላይ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት አለ፤ የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች የሠሩት ነው። ድሉ ከታች፣ ሐዘኑ ከላይ። ለአርበኛው ሜዳልያ ተሰጠ፤ በረሃ ለቆየበት ለእያንዳንዱ ዓመት በጥብጣቡ ላይ አንድ የዘንባባ ቅጠል ይጨመራል። አምስት ዘንባባ ያለው ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለጠላት ያልገባ ነው። ለስደተኛውም የስደት ሜዳልያ ነበረው፤ ሁለቱ ሜዳልያዎች በዓል ላይ ሲገናኙ የነበረውን አስተያየት ሽማግሌዎች ፈገግ እያሉ ነው የሚያወሩት።

ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ ጋና፣ ከዚያም ሌሎች የአፍሪካ አገሮች አንድ በአንድ ነፃ ሲወጡ፣ የእነሱ በዓል የእኩለ ሌሊት በዓል ሆነ፤ የቅኝ ገዢው ባንዲራ ይወርዳል፣ አዲሱ ይወጣል፣ አገር ይወለዳል። የእኛው እንደዚያ አይደለም። ኦሜድላ ላይ የተሰቀለው አሮጌው ባንዲራ ነው። «ነፃነት» የሚለው ስም ብዙዎችን ቅር ያሰኘውም ለዚህ ነው፤ ቅኝ አልተገዛንም፣ ተወረርን እንጂ ይላሉ። «ድል» የሚለው ቃል ቀስ በቀስ ቦታውን ወሰደ።

አብዮቱ መጣ። ደርግ የንጉሡን ቀን ማክበር አልፈለገም፤ አርበኛውንም መጣል አልቻለም። ስለዚህ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፤ ድሉ ንጉሡ የገቡበት ሳይሆን ከተማዋ ከጠላት የጸዳችበት ነው በሚል። ነገሩ ሲታይ ያስቃል። ኢምፔሪያሊዝም ይውደም የሚል መንግሥት፣ ከንጉሥ ለመሸሽ ብሎ፣ የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ የገባበትን ቀን የድል ቀን አደረገ። በዚያ ዘመን የተማርን ልጆች በዓሉ መጋቢት ላይ መሆኑን እንጂ ለምን እንደሆነ አልጠየቅንም። ሽማግሌዎቹም መጋቢት ላይ ጎፈራቸውን አድርገው ወጡ፤ ቤታቸው ውስጥ ግን ሚያዝያ 27 ቡና ይፈላ ነበር።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ፤ የአርበኞች የድል በዓል ተባለ። ስሙ ላይ አርበኛው መግባቱ ደግ ነው። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ አፅም ሥላሴ ካቴድራል ሲያርፍ፣ ያጀቡት ያረጁ አርበኞች የአንበሳ ጎፈር ደፍተው፣ ሜዳልያቸውን ደርድረው ነበር።

እኔ በዓሉን አራት ኪሎ ቆሜ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ጎልማሳ ከሆንሁ በኋላ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ይሆናል። የማርሽ ባንዱ ይነፋል፣ ባለ ሥልጣን አበባ ያስቀምጣል፣ ካሜራ ይሯሯጣል። ከአጥሩ ወዲህ ግን አንድ አባት ወንበር ላይ ተቀምጠው የካኪ ኮታቸውን ቁልፍ ለመቆለፍ ይታገሉ ነበር፤ ጣታቸው አልታዘዝ አላቸው። የልጅ ልጃቸው ቆለፈላቸው። ከዚያ ፉከራው ተጀመረና ከወንበራቸው ተነሡ። ያ የተንቀጠቀጠ እጅ ምርኩዙን እንደ ጠመንጃ ይዞ ወደ ላይ ወጣ፤ ድምፃቸው ከማይክሮፎኑ አለፈ። የት የት እንደዋሉ፣ ማንን እንደጣሉ፣ የወንድማቸው አስከሬን የት እንደቀረ በአንድ ትንፋሽ ዘረዘሩት። ሲጨርሱ ተቀመጡና ውኃ ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ በሄድሁባቸው ዓመታት ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት እያነሱ፣ ጎፈሩን የወረሱ ልጆችና የልጅ ልጆች እየበዙ መጡ።

በ15 ዓመታቸው ጫካ የገቡት ሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎ በ2009 ዓ.ም. አረፉ። ከአንደኛው ሚያዝያ 27 እስከ ሌላኛው 1,826 ቀናት አሉ፤ መንግሥታቱ የተከራከሩት በመጨረሻዎቹ 29 ቀናት ላይ ብቻ ነው። የተቀረውን የሚያውቁት እነዚህ ሰዎች ነበሩ። እናንተም ቤት፣ ከአያት የቀረ ሳጥን ውስጥ፣ ጥብጣቡ የወየበ ሜዳልያ ካለ አውጡትና ዘንባባውን ቁጠሩ። ከዚያ የት በረሃ እንደነበሩ የሚያውቅ አክስት ወይም አጎት በሕይወት ካለ፣ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ጻፉት።